«ናዚዎቹ ራሳቸው ጌይ ነበሩ» ለሚለው ያጎቴ ልጅ

ሰሞኑን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ያጎቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። ሰውዬው ሱፉን ግጥም አድርጎ ከኋላው የሂትለርን ፎቶ ደቅኖ «ናዚን የመሰረቱት ግብረሰዶማውያን ናቸው፣ ይሄንን ነው የሚደብቋችሁ» እያለ ይጮሃል። ስሩ ያለው ኮሜንት ደሞ ይብሳል፣ ግማሹ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ባይ ነው፣ ሌላው ሊሟገት ብሎ «ናዚ እኮ ልክ እንደ አይሁዶቹ ሚሊዮን ጌይ ነው የጨረሰው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔ በርሊን ነው የምኖረው፣ ኖለንዶርፍፕላትዝ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ በ1989 የተሰቀለ ባለ ሶስት ማዕዘን ድንጋይ አለ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ባጠገቡ ሳልፍ ኖሬያለሁ፣ ናዚ ለገደላቸው ጌዮች መታሰቢያ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ግን ብዙ አነበብኩና ግሩፑ ላይ የጀመርኩትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው። ስለ ሃይማኖት አቋማችሁ አይደለም የማወራው፣ እሱ የራሳችሁ ነው፣ ስለሆነውና ስላልሆነው ነገር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«የናዚ ፓርቲ የጌዮች ፓርቲ ነበር»

ይሄ ወሬ ሁሌ የሚንጠለጠለው አንድ ሰው ላይ ነው፣ ኤርንስት ሮህም። ሰውዬው ኤስኤ የሚባለው ባለ ቡኒ ሸሚዝ ሚሊሻ አዛዥ ነበር፣ ጌይም ነበር፣ ሂትለርም ያውቅ ነበር። በ1931 አለቃ አድርጎ ሲሾመው ሰው ሲያጉረመርም፣ ኤስኤ የተዋጊዎች ስብስብ እንጂ የጨዋ ሴት ልጆች ማሳደጊያ አይደለም የሚል መልስ ነው የሰጠው። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ግን «ፓርቲው የነሱ ነበር» ማለት አንድ ዝንብ አይቶ ወጡን በሙሉ እንደመድፋት ነው። ፓርቲው ገና ስልጣን ሳይዝ በ1928 ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቆ በፅሁፍ የሰጠው መልስ ወንድ ከወንድ ስለ መዋደድ የሚያስብ ሰው ጠላታችን ነው የሚል ነበር። ሮህም እስከጠቀማቸው ድረስ አይናቸውን ጨፈኑለት፣ በቃ።

እኔን የገረመኝ ወሬውን ማን እንደጀመረው ነው። አሁን የሚያራግቡት ሰባኪዎች አይደሉም የጀመሩት፣ የናዚ ጠላቶች ናቸው፣ ግራ ዘመሞቹ! በ1931 ሙንሽነር ፖስት የሚባለው የሶሻል ዴሞክራቶች ጋዜጣ የሮህምን ገመና ማውጣት ጀመረ፣ በ1932 ደግሞ የግል ደብዳቤዎቹ ታትመው ተበተኑ። እነዚሁ ሰዎች እኮ ጌይነት ወንጀል መሆኑ ይቅር እያሉ ፓርላማ ውስጥ ሲከራከሩ የነበሩ ናቸው። አንድ ኩርት ቱኾልስኪ የሚባል አይሁድ ፀሀፊ፣ ናዚን እንደሱ የሚጠላ ሰው አልነበረም፣ ያኔውኑ በ1932 ይሄ ነገር ነውር ነው አላቸው፣ ህጉን እየተቃወምን ሰውዬውን በዛው ህግ እንዴት እንወቅሰዋለን ብሎ ፃፈ። የሰማው ግን የለም። ሶቭየት ህብረት ስትመጣ ጭራሽ ከፋ፣ ማክሲም ጎርኪ ያ ትልቁ ደራሲ በ1934 ጋዜጣ ላይ «ግብረሰዶማዊነትን አጥፉ፣ ፋሺዝም አብሮ ይጠፋል» የምትለዋን አባባል ይዞ ወጣ፣ በዛው ሰሞን ስታሊን ነገሩን ወንጀል አድርጎት ነበር።

ከዛ ወሬው ለረጅም ጊዜ ተኛ ተኛና በ1995 አሜሪካ ውስጥ ስኮት ላይቭሊ የሚባል ሰው ከሌላ ፀሀፊ ጋር ሆኖ ናዚን የፈጠሩት ጌዮች ናቸው የሚል መፅሀፍ አወጣ፣ የታሪክ ባለሙያዎች ጥለውታል። ይሄው ሰው በ2009 ማርች ላይ ካምፓላ ድረስ ሄዶ ስብሰባ ላይ ስለ ጌዮች አስተማረ፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ የዩጋንዳ ፓርላማ ውስጥ ያ የታወቀው ጌዮችን በከባዱ የሚቀጣ ረቂቅ ህግ ቀረበ። እና ያጎቴ ልጅ ሆይ፣ ቪዲዮህ «የተደበቀ ምስጢር» ሳይሆን ዘጠና ዓመት ያለፈው የፖለቲካ ስድብ ነው።

«ሂትለር ሮህምን የገደለው ጌይ ስለሆነ ነው»

ይሄኛውን ደግሞ ተቃራኒዎቹ ናቸው የሚያወሩት። ጆሮ ሲሰማው ልክ ይመስላል፣ ምክንያቱም የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ራሱ እንደዛ ብሎ ነው ለህዝቡ የሸጠው። እውነቱ ሌላ ነው። በ1934 ኤስኤ ሚሊዮኖች አባል ነበረው፣ የጀርመን ጦር ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተፈረመው የቬርሳይ ውል ምክንያት 100,000 ሰው ብቻ፣ ሮህም ጦሩ ውስጥ ልግባበት፣ ልዋጠው ይላል፣ ጄነራሎቹ ተቆጡ፣ ፕሬዝዳንት ሂንደንቡርግ አርጅቶ ሊሞት ነው፣ ሂትለር የሱን ቦታ ለመውሰድ ጄነራሎቹን ይፈልጋል። ኤስኤስ የሚባለው የናዚ ዘብ ጦር አለቃ ሂምለርና የሂትለር ቀኝ እጅ ጎሪንግ ደሞ ለየራሳቸው ሮህም እንዲወገድላቸው ይፈልጋሉ። ጁን 30 ሌሊት ሮህምና ሌሎች የሂትለር ተቀናቃኞች የታረዱበት እርድ ተጀመረ፣ ሮህም በማግስቱ እስር ቤት ክፍሉ ውስጥ ተተኮሰበት። አብረውት ያለቁትን ብታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል፣ የቀድሞው ቻንስለር ጄነራል ሽላይኸር ከነሚስቱ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ፣ ከሂትለር ጋር የተጣላው ግሬጎር ሽትራሰር ተገደለ፣ የካቶሊኮች መሪ የነበረው ኤሪኽ ክላውዘነር ቢሮው ውስጥ ተገደለ። እነዚህን ምን ሊላቸው ነው? ጌይነት ሰበብ ነበር። ግን ሰበቡ ከዛ በኋላ ራሱን ችሎ ፖሊሲ ሆነ፣ ነገሩ የሚከፋው እዚህ ጋር ነው።

«ናዚ እስኪመጣ ጀርመን ነፃ አገር ነበረች፣ ህጉን ያወጣው ናዚ ነው»

አይደለም። ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን ወንጀል የሚያደርገው አንቀፅ 175 የሚባለው ከ1871 የወንጀል ህግ ጀምሮ ነበረ። በርሊን በሃያዎቹ ቡና ቤቱም ጋዜጣውም ነበራት፣ ህጉ ግን አልተነሳም። በ1929 የፓርላማው ኮሚቴ 15 ለ13 በሆነ ድምፅ ይቅር ብሎ ነበር፣ ምክር ቤቱ ጋር ሳይደርስ የፖለቲካው ቀውስ በላው። ናዚ ያደረገው ህጉን ማስፋት ነው፣ ከ1935 ሴፕቴምበር ጀምሮ የሆነ ድርጊት መፈፀም መረጋገጡ ቀረና መንካት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይነኩ ማየት እስር ቤት ያስገባ ጀመር፣ ከባድ ለተባለው ደግሞ እስከ 10 ዓመት። ውጤቱን በቁጥር እዩት፣ በ1934 በዚህ አንቀፅ የተፈረደበት ሰው 1,000 አይሞላም፣ በ1938 ከ8,500 በላይ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ሁላችንም የምናውቀው የመፅሀፍ ማቃጠል ፎቶ አለ አይደል፣ ሜይ 10 1933 በርሊን። ከሚቃጠሉት መፅሀፎች ብዙዎቹ ይሄ ህግ ይነሳ እያለ ሲታገል የኖረው ዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1919 ያቋቋመው የፆታ ሳይንስ ተቋም ላይብረሪ ናቸው፣ ከአራት ቀን በፊት ተማሪዎች ሙዚቃ እያስነፉ ገብተው የዘረፉት። የዶክተሩን የራስ ሀውልት ሳይቀር ይዘው ሲዞሩ ነበር። እሱ ውጭ አገር ስለነበር ተረፈ፣ በ1935 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ሞተ።

«እንደ አይሁዶቹ ሊያጠፏቸው ነበር፣ ሚሊዮን ሞቷል»

እዚህ ጋር ለተጎጂ መቆርቆር ተብሎም ቢሆን ማጋነን አያስፈልግም። ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ቁጥር ይሄ ነው፣ የታሰረው 100,000 ገደማ፣ የተፈረደበት 50,000 ገደማ፣ ማጎሪያ ካምፕ የገባው ከ5,000 እስከ 15,000። አይሁድን ከአውሮፓ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ህፃን ሽማግሌ ሳይሉ እያደኑ ነው የገደሉት፣ ጌዩን ግን እንደዛ አላደረጉም፣ ዋናው ኢላማ ጀርመናዊው ወንድ ነበር። ለምን? ሂምለር በ1937 ፌብሩዋሪ ለኤስኤስ ጄነራሎቹ ያደረገውን ንግግር ስታነቡ ሰውዬው የሚያወራው እንደ ከብት አርቢ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ሚሊዮን ወንድ አጥተናል፣ በነዚህ ምክንያት ደግሞ ሁለት ሚሊዮን አባት እያጣን ነው፣ ልጅ አይወለድም ይላል። ለዛ ነው በ1936 ያቋቋመው ቢሮ «ግብረሰዶማዊነትንና ፅንስ ማስወረድን የሚዋጋ ማዕከላዊ ቢሮ» የተባለው፣ ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብላችሁ ከሆነ የሚያገናኛቸው ያልተወለደው ወታደር ነው። ፖላንድ ውስጥ ፖላንዳዊ ከፖላንዳዊ ጋር ቢሆን ብዙም ግድ አልነበራቸውም፣ እንዲያውም ባይወለዱ ደስታቸው ነው።

ግን «ጥቂት ነው» ብላችሁ እንዳታቀሉት። ካምፕ የገባው ሰው ልብሱ ላይ ሮዝ ሶስት ማዕዘን ይሰፋበታል፣ ከዛ እስረኛው ሁሉ ራሱ ይርቀዋል፣ ሌላው እርስ በርሱ ዳቦ ሲካፈል እሱ ብቻውን ነው። ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ውስጥ ወደ ጡብ ፋብሪካው ይልኳቸው ነበር፣ በ1942 ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር እዛ ብቻ 200 ያህል ሰው ሆን ተብሎ ተገደለ። ሩዲገር ላውትማን የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እንዳጠናው ሮዝ ካደረጉት ከ10 ሰው 6 ያህሉ አልወጣም። ቡኸንቫልድ ካምፕ ላይ ደግሞ በ1944 ካርል ቬርኔት የሚባል የዴንማርክ ዶክተር «አድናችኋለሁ» ብሎ ከ10 በላይ ሰው ብሽሽት ውስጥ የሆርሞን እንክብል ቀብሯል። ሰውዬውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ሴቶቹን አልነኳቸውም»

አንቀፅ 175 ሴትን አይመለከትም ነበር፣ እሱ ልክ ነው። የኦስትሪያ ህግ ግን ሴትንም ያካትት ነበርና ሂትለር ኦስትሪያን ከጠቀለለ በኋላም ሴቶች እዛ ይከሰሱ ነበር። ጀርመን ውስጥም ቢሆን ቡና ቤታቸውና ጋዜጣቸው ተዘግቷል፣ ጎረቤት የጠቆመባት ሴት በሌላ ሰበብ፣ «ማህበራዊ ስርዓት የጎደላት» ተብላ፣ ራቨንስብሩክ ካምፕ ልትገባ ትችል ነበር። እንደ ወንዶቹ በቁጥር መዘርዘር የሚከብደው ለዚህ ነው፣ ፋይሉ ላይ የሚፃፈው ሌላ ስለሆነ።

«ያልሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል»

ይሄንን ደግሞ አንዷ አክስቴ ናት ያለችው። እትዬ፣ ያልሆነውም አልተረፈም። በ1938 የጦሩ ዋና አዛዥ ጄነራል ፍሪትሽ ለሂትለር የጦርነት እቅድ አልመች አለ፣ ጌስታፖ የሚባለው የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ አንድ በማስፈራራት ገንዘብ የሚበላ ወንበዴ ከእስር ቤት አምጥቶ «አይቼዋለሁ» አስባለበት፣ ፍርድ ቤት ሲጣራ ወንበዴው ያየው ፍሪሽ የሚባል ሌላ ጡረተኛ መኮንን ሆኖ ተገኘ፣ የስም መመሳሰል! ጄነራሉ ነፃ ተባለ፣ ስልጣኑ ግን ከሄደ ሰነበተ። በ1936ና 37 ደግሞ መነኮሳትና ቄሶች ላይ የክስ ጎርፍ አወረዱ፣ ከክሶቹ እውነት የነበሩ ነበሩ፣ ጎብልስ ግን በሬድዮና በጋዜጣ አራግቦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቤቶች ለመዝጋት ተጠቀመበት። ማለትም ስድቡ ሮህም ላይ ሰርቷል፣ ጄነራሉ ላይ ሰርቷል፣ ቄሱም ላይ ሰርቷል።

«በ1945 ነፃ ወጡ»

አይሁዱም ፖለቲከኛውም ወጣ። ሮዝ ያደረገው ግን በህግ ወንጀለኛ ነው፣ ፍርዱን ያልጨረሰ ሰው ከካምፕ ወጥቶ ወደ ተራ እስር ቤት የተመለሰበት ጊዜ አለ። ምዕራብ ጀርመን ናዚ በ1935 ያሰፋውን አንቀፅ አንድ ቃል ሳትነካ እስከ 1969 ተጠቀመችበት፣ በ1957 ትልቁ ፍርድ ቤታቸው ራሱ ህጉ ችግር የለበትም ብሏል፣ በነዛ ሃያ ዓመታት ሌላ 50,000 ገደማ ሰው ተፈረደበት። ምስራቆቹ በ1968 አነሱት፣ አንቀፁ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በ1994 ነው፣ እኛ ቀይ ሽብርን ፍርድ ቤት ማቅረብ በጀመርንበት ዓመት ማለት ነው። የናዚ ዘመን ፍርዶች በ2002 ተሰረዙ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተፈረደባቸው ሰዎች ደግሞ እስከ 2017 ጠበቁ፣ የቀረ ሰው ካለ። ሮዝ ሶስት ማዕዘን አድርገው ከካምፕ ከወጡት የመጨረሻው በህይወት እንዳለ የሚታወቀው ሩዶልፍ ብራዝዳ በ2011 በ98 ዓመቱ ሞቷል፣ ቡኸንቫልድ ነበር የታሰረው።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ላይ ከፃፍኩ በኋላ ያጎቴ ልጅ ለአንድ ቀን ዝም አለና «ሂትለር አልሞተም፣ አርጀንቲና ነው ያረጀው» የሚል ሌላ ቪዲዮ ለቀቀ። አይ አንተ ልጅ፣ አርጀንቲና የሄደውማ ዶክተር ቬርኔት ነው። እንግሊዞች ዴንማርክ ላይ ይዘውት ነበር፣ ልቤን አመመኝ ብሎ ተለቀቀ፣ በስዊድን አድርጎ ቦነስ አይረስ ገባ፣ እዛም የጤና ሚኒስቴር ቀጠረው፣ በ1965 አልጋው ላይ ሞተ።