«አንድ በእጅ»፦ በባሕር ዳር ለትንንሽ ልጆች የተግባር ሒሳብ ክፍል አመራረጥ

የተግባር ሒሳብ ክፍል የሚባለው ከአራት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ቁጥርን፣ ቅርጽንና ልኬትን ዕቃ እየነኩ፣ እየደረደሩና እያፈረሱ የሚማሩበት፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት በግል ትምህርት ቤት ግቢ የሚሰጥ ክፍል አለ፣ የክረምት ትምህርት አለ፣ የአባከስ (በዘንግ ላይ የተሰኩ ዶቃዎችን እያንቀሳቀሱ የማስላት) ሥልጠና አለ፣ በአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ አምስት የጎረቤት ልጆች ሰብስቦ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ። ከማጠናከሪያ ትምህርት የሚለየው በዓላማው ነው። ማጠናከሪያው ልጁ በክፍሉ ያመለጠውን ለማካካስ ወይም ለፈተና ለማዘጋጀት ይሰጣል፤ የተግባር ክፍሉ ደግሞ ልጁ በአፉ የሚያውቀውን ቁጥር ውስጡን ከፍቶ እንዲያየው ለማድረግ። በሥራ ላይ ግን ወሰኑ ይደበላለቃል። በር ላይ «በተግባር» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ውስጥ ቁጥር የሚያስገለብጥ ክፍል ጥቂት አይደለም።

በአማርኛ መደመር የተማረ ሁሉ «ሰባትና ስምንት አስራ አምስት፤ አምስት ጽፎ አንድ በእጅ» ሲል አድጓል። እጁ ግን ባዶ ነበር። ያቺ በእጅ የተያዘች «አንድ» አስር መሆኗን ብዙዎቻችን ያወቅነው ዘግይተን ነው፣ ያላወቅንም አለን። አስር ስንጥር ቆጥሮ በክር ያሰረ፣ እስሩንም ከአንድ ቤት ወደ አስር ቤት በገዛ እጁ ያሻገረ ልጅ በእጁ ምን እንደያዘ ያውቃል። የተግባር ክፍል ዋጋው ይኸው ነው፤ ክፍል ሲመረጥም ዋናው ጥያቄ ዕቃው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ከፈተች፤ ከዚያ ያደገው መንገዷ ልጆች ነጠላ ዶቃን፣ አስር ዶቃ የተሰካበትን ዘንግና መቶ ዶቃ የያዘውን ካሬ እያነጻጸሩ እንዲማሩ የሚያስችል መሣሪያ አለው። ቤልጂየማዊው መምህር ጆርጅ ኩይዝኔር ደግሞ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ አስር ባለቀለም የእንጨት ዘንጎች ሠራ፤ ነጩ አንድ፣ ቀዩ ሁለት፣ ቢጫው አምስት፣ ብርቱካናማው አስር። እነዚህን ዘንጎች በዓለም ያስተዋወቃቸው የሒሳብ ትምህርት ባለሙያው ካሌብ ጋቴኞ ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለው። በ1957 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ባለሙያነት ኢትዮጵያ መጥቶ አማርኛ ንባብን ለማስተማር ድምፆችን በቀለም የመለየት ዘዴ ሞክሯል፤ በኋላ ለሌሎች ቋንቋዎች ያዳበረው የንባብ ትምህርትም መነሻው ይህ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀሮም ብሩነር በ1966 እ.ኤ.አ. ልጅ መጀመሪያ በድርጊት፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት ይረዳል ሲል ጻፈ። ዛሬ በየክፍሉ «ከዕቃ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ቁጥር» የሚባለው አካሄድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከውጭ የመጣው ዘዴ ይህን ይመስላል እንጂ ዕቃው እዚሁ ሞልቷል። ገበጣ በየጉድጓዱ እኩል ጠጠር ተሞልቶ፣ አንዱን ጉድጓድ አንስቶ አንድ አንድ እያሉ በመዝራት የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ዓይነቶቹን ዘርዝሮ ጽፏል። ደህና ገበጣ ተጫዋች የሆነ ልጅ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ያሰላል። ቅልብልቦሽም እንዲሁ ነው፤ አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ ከመሬት በአንድ አንድ፣ በሁለት ሁለት፣ በሦስት ሦስት መልቀም ማካፈል ነው፣ የሚተርፈው ጠጠር ጭምር። የፊደል ገበታም ከግድግዳው ወርዶ ቢታይ 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው የማባዣ ሰንጠረዥ ነው። ሁሉን ሳይቆጥር 231 መሆኑን የሚደርስበት ልጅ ማባዛት ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቶታል። የዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ ለዚህ ዕድሜ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ እያንዳንዱ ወር ሦስት አስሮች፣ አስራ ሁለት ወር፣ ከዚያ ጳጉሜን ለብቻዋ። በምትኩ ፌብሯሪ ስንት ቀን እንደሆነ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚያስጠና ክፍል ገጥሞኛል።

የመቁጠሪያው ቋንቋ

ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው ሲገባ ከሁሉ የሚዘለለው ጥያቄ ልጆቹ የሚቆጥሩት በምን ቋንቋ ነው የሚለው ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ዝቅተኛ ክፍሎች ሒሳብ በአማርኛ ይሰጣል። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስቆጥራሉ፣ ወላጅም በዚህ ይኮራል። አማርኛው ግን ለትንሽ ልጅ የሚሰጠው እርዳታ አለ፦ «አስራ አንድ»፣ «አስራ ሁለት»፣ «አስራ ሦስት» ሲል ቃሉ ራሱ አስርና አንድ፣ አስርና ሁለት፣ አስርና ሦስት መሆኑን ይናገራል። «ኢለቨን» እና «ቱዌልቭ» ስለ አስር ምንም አይናገሩም፤ «ሰርቲን»ና «ሰርቲ» ደግሞ ለጆሮ ተቀራርበው አስራ ሦስትንና ሠላሳን ያምታታሉ። የግእዝ አኃዝ ከአማርኛው ቃልም የበለጠ ግልጽ ነው፦ ፲፩ ሲጻፍ አስሩ በአንድ ምልክት፣ አንዱ በሌላ ምልክት ጎን ለጎን ይታያሉ። ዜሮ የለውምና የአኃዝን ቦታ፣ ማለትም አኃዝ እንደቆመበት ቤት ዋጋው እንደሚለወጥ፣ አያስተምርም፤ የእስሩን ሐሳብ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ስንጥር እያሰሩ በአማርኛ ቆጥረው፣ ሐሳቡ ከገባቸው በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም የሚያስይዝ ክፍል ከሁለቱ ጽንፎች ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ትንሿ ዘንግ 9 ላይ ስታርፍ እኛ ሦስት ሰዓት እንላለን። ከውጭ የተገዛ የፕላስቲክ ሰዓት አምጥቶ ይህንን ሳያነሳ የሚያልፍ መምህር ልጁን ከቤቱና ከክፍሉ አንዱ ተሳስቷል ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል።

ገብቶ ማየት

ምዝገባ ከመክፈል በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። የማያስገባ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ነው፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

እኔ ካየኋቸው አንዱ ይኸውና። መምህርቷ ሰባት ቆርኪ ደረደረች። አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ በጣቱ እየነካ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብሎ ሰባት ላይ ደረሰ። «ስንት ናቸው?» አለችው። ልጁ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ደግማ ጠየቀችው፣ ደግሞ ቆጠረ። ሰባት ብላ አልነገረችውም። ቆርኪዎቹን በሁለት እጇ ሸፈነችና «አሁንስ ከእጄ ሥር ስንት አለ?» አለች። ልጁ እጇን አየ፣ ፊቷን አየ፣ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ሌሎቹ ልጆች ሊመልሱለት ሲንጠራሩ በዓይኗ አስቆመቻቸው። ከቆይታ በኋላ «ሰባት» አለ፣ በሹክሹክታ። በዚያው ሳምንት በሌላ ክፍል ተመሳሳይ ጥያቄ ተጠይቆ አንዷ ልጅ ዝም ስትል መምህሩ «ሰባት! ሁላችሁም ሰባት በሉ!» አለ፤ ሠላሳ ልጅ ጮኸ፣ ሠላሳ ቆርኪ የተሞላው ከረጢትም መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንደታሰረ ቀረ።

የመጨረሻው ቁጥር የስብስቡ ብዛት መሆኑን መረዳት ከመቁጠር የተለየ ችሎታ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስተል በ1978 እ.ኤ.አ. ከዘረዘሯቸው አምስት የመቁጠር መርሆዎች አንዱ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስንጥሩ ገና «ሐ» ላይ እያለ ምላሳችን «መ» ደርሶ የኔታ የሚቆጡት ለዚህ ነበር፤ ዜማው ከጣት ቀድሟላ።

ስለዚህ ሲታይ የሚታየው የዕቃው ብዛትና ውበት አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 55 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ በዕቃ መማር በምልክት ብቻ ከመማር የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ፣ የጥቅሙ መጠን ግን መምህሩ በሚሰጠው ምሪት ላይ እንደሚመሠረት አሳይቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. እውነተኛ ገንዘብ የሚመስል የመጫወቻ ብር ይዘው የሠሩ ልጆች ተራ ወረቀት ከያዙት የበለጠ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ያጌጠ ዕቃ ራሱ መጫወቻ ይሆንና ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ባለቀለም የፕላስቲክ ዓሣ ገዝቶ ልጆቹ የትኛው ቀረሶ፣ የትኛው አምባዛ ነው ብለው ሲከራከሩ ሰዓቱ ያለቀበትን ክፍል እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል፤ ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ ሒሳብ ግን አልነበረም። ባቄላ፣ ቆርኪ፣ ስንጥርና ክር ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሽምብራ በአፍንጫው ያልሞከረ ልጅ ብርቅ ነውና፣ ለትንንሾቹ ተለቅ ያለ ዕቃ መስጠት ይገባል።

የልጆቹ ቁጥርም ይታያል። ለአንድ መምህር ከአስራ ሁለት በላይ ከሆኑ ዕቃው ወደ መምህሩ ጠረጴዛ መመለሱ አይቀርም።

አባከስ

አባከስ ብዙ ወላጅ የሚመርጠው ለዓይን ስለሚማርክ ነው፤ ልጁ ጣቱን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ ባለብዙ አኃዝ ቁጥር ይደምራል፣ እንግዳም ያጨበጭባል። በየክፍሉ የሚታየው የጃፓኑ ሶሮባን በእያንዳንዱ ዘንግ ከላይ አምስት የምትወክል አንዲት ዶቃ፣ ከታች እያንዳንዳቸው አንድ የሚወክሉ አራት ዶቃዎች አሉት። አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት ለየብቻው ዘንግ ስላለው የአኃዝን ቦታ በደንብ ያሳያል። «አእምሮን ያሰፋል፣ ትውስታን ያዳብራል» የሚለው የማስታወቂያ ወረቀት ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። ሕንድ ውስጥ፣ ቫዶዳራ ከተማ፣ 204 ተማሪዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አባከስ የተማሩት በስሌት መጠነኛ ብልጫ እንዳገኙ፣ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ግን ለውጥ እንዳልታየባቸው ደምድሟል። ስሌት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእሱ ብሎ የሚያስገባ ወላጅ አልተሳሳተም። ቅርጽን፣ ልኬትንና መገመትን ግን አባከስ አይነካቸውም፣ ለአምስት ዓመት ልጅም ፍጥነት ቀዳሚው ነገር አይደለም።

ከተማዋና አስተማሪዎቿ

ባሕር ዳር የአስተማሪ ድርቅ የለባትም። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ (የማስተማር ሙያ) አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ነዋሪው ግን እስከ ዛሬ «ፖሊ»ና «ፔዳ» ይላቸዋል። ቤት ለቤት የሚያስጠናው ወጣት በአብዛኛው ከሁለቱ ከአንዱ የመጣ ነው። የፖሊው ልጅ ሒሳቡን እንደሚያውቅ አያጠራጥርም፤ ኢንተግራል የሚፈታ ሁሉ ግን አምስት ምን እንደሆነ ለአምስት ዓመት ልጅ ማሳየት ይችላል ማለት አይደለም። አጸደ ሕፃናት ውስጥ ዓመታት የቆየች፣ በዲፕሎማ የተመረቀች መምህርት ብዙ ጊዜ ትበልጠዋለች። በዩኒቨርሲቲው ያለው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል በዋናነት ከፍ ላሉ ክፍሎች የሚያገለግል በመሆኑ ለዚህ ዕድሜ ገና ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ ጣሪያ የሌለው ክፍል ነው። አንድ ክፍል ልጆቹን እዚያ አውጥቶ ከአንድ ዛፍ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት በእርምጃ፣ የመቀመጫውን ርዝመት በስንዝርና በክንድ ሲያስለካቸው አይቻለሁ። የሁሉም መልስ ተለያየ። አንዷ «የእኔ ስንዝር ትክክል ነው፣ የእሱ እጅ ትልቅ ስለሆነ ተሳስቷል» አለች፤ መምህሩም አላረማትም፣ ሁለቱን እኩል ገመድ አስያዛቸው። ለሜትር አስፈላጊነት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ነገር ግን ውኃ ዳር ከልጅ ጋር ሲወጣ ከመምህሩ ሌላ የሚጠብቅ አዋቂ መኖር አለበት።

ሰዓትና ርቀት ዛሬ ከወትሮው የበለጠ ይታሰብባቸዋል። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለበት የጸጥታ ችግር ምክንያት ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚያልቅ ክፍል ለብዙ ቤተሰብ የማይሆን ነው፤ ከከተማዋ ማዶ ያለው የተሻለ ክፍልም በእግር ከሚደረስበት ደህና ክፍል ላይበልጥ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ከገበያው ግርግር ጋር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ይጋጫል። በክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩን የሚሰማው የለም፤ የእጅ ሥራው የበዛ ክፍል ያን ጊዜ ያተርፋል።

ክፍያን በተመለከተ ለአንድ ወር ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ዕቃውም በክፍያው ውስጥ ይካተት እንደሆነ ጠይቆ መያዝ ነው። ወሩ ሲያልቅ ደብተር ማገላበጥ ብዙም አይጠቅምም፣ «ምን ተማርክ?» ብሎ መጠየቅም «ምንም» የሚል መልስ ያስገኛል። አስራ ሦስት ባቄላ ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ «ስንት እንደሆነ ሳልቆጥር እንዳውቅ አድርገህ ደርድርልኝ» ማለት ይሻላል። አስር ለብቻው፣ ሦስት ለብቻው ካደረገ፣ የሁለተኛውን ወር ክፍያ ማዘጋጀት ይቻላል።