ሐረጎ አይደለም፣ ጆሮ ነው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አክስቴ የፊቱን ወንበር ጨምድዳ ያዘች። «መንገዱ ነው» አለ ረዳቱ፤ ፌስታል አቀበላት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደርሰን ፍራሽ ላይ ጋደም ብላም ጣሪያው ሦስት ሰዓት ያህል ዞረባት። ግራ ጆሮዋ ተደፍኖ እንደ ወፍጮ ይጮህባታል። በኋላ ሐኪም ሜኒየር የሚባል የውስጥ ጆሮ በሽታ ነው አላት። እስከዚያ ግን ያልተመከረችው የለም።

«ደም ማነስ ነው፤ ጉበት ብዪ።»
ደም ማነስ ብዥ ያደርጋል፣ ያደክማል። ቤቱን እንደ እንዝርት ሲያሾረው፣ ጆሮም አብሮ ሲደፈን ግን ጆሮን መጠርጠር ነው። በሜኒየር የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ይበዛል፤ ማዞሩ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ነገሩን ከአንጎል ነው ይሉ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፕሮስፐር ሜኒየር በ1861 እ.ኤ.አ. ከጆሮ ነው እስኪል ድረስ። (አፍ ከተጣመመ ወይም ምላስ ከተሳሰረ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ሆስፒታል።)

«ጎረቤቴ አንገቷን አዙረውላት ዳነች።»
የእሷ ሌላ ነው። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ለሰከንዶች የሚያዞር፣ መስማትን የማይነካ። ሜኒየርን አንገት ማዞር አያድነውም።

«ጤና አዳም በዘይት ጠብ አድርጊበት።»
ዘይቱ የጆሮ ታምቡሩን አልፎ ውስጥ ጆሮ አይደርስም። ታምቡሩ ከተቀደደ ደግሞ ጉዳት ነው።

«ማዞሩ እንዲተውሽ የጆሮሽን መስማት ማጣት ግድ ነው።»
አክስቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄኛው ነው። በሽታው ራሱ መስማትን ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል፤ ሕክምናው ግን ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጨው መቀነስና የሚዋጥ መድኃኒት። ካልበቃ በታምቡሩ በኩል ስቴሮይድ (እብጠትና ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ይወጋል፤ መስማትን ብዙም አያሰጋም። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በዚያው መንገድ ሲወጋ ሚዛን የሚጠብቁትን ሴሎች ይገድላል። ማዞሩን ደህና አድርጎ ያቆማል፣ መስማትንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሚሰጠው በጥቂቱ፣ እያራራቁ፣ የታማሚውን መስማት እየለኩ ነው። የሚዛኑን ነርቭ ብቻ ቆርጦ የመስሚያውን መተውም ይቻላል፤ ግን የራስ ቅል ተከፍቶ ነው። የውስጥ ጆሮን ጨርሶ ማውጣት ድሮውንም ለማይሰማ ጆሮ ነው።

አክስቴ ገና ጨው መቀነሱ ላይ ናት። ቡና በጨው ነው ያደገችው። አቦሉን ያለ ጨው ቀምሳ «ይሄማ እሱ ራሱ መድኃኒት ነው» ብላ ፊቷን አጨማደደች። ሐኪሙ ቡናውንም ቀንሺ ብሏት ነበር። በተደፈነው ጆሮዋ ነው የሰማችው መሰለኝ።