«ዝም በዪ» ያልናት እኅት

ትዕማር በገዛ ወንድሟ ከተደፈረች በኋላ ራሷ ላይ አመድ ነሰነሰች፤ ኅብር ያለውን ልብሷን ቀድዳ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ሄደች (2ኛ ሳሙኤል 13)። ጩኸቷን ያቆመው ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ነው። ዝም በዪ አላት፤ ወንድምሽ ነው፣ ነገሩን በልብሽ አትያዢው። ጠልቷት አይደለም። ቤቱ አስገብቶ አኖራት፤ በኋላም ሴት ልጁ ትዕማር ተባለች። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህች ሴት የሚነግረን የመጨረሻው ነገር በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና መቀመጧን ነው። ከዚያ ወዲያ ድምጿ አይሰማም።

ወገኖቼ፣ እኔም አቤሴሎምን የሆንኩበት ቀን አለ። በጸሎት ኅብረታችን አንዲት እኅት ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ወደ ፊት ነይ ስንላት ፈገግ ብላ እዚያው ትቀራለች። በር በድንገት ሲዘጋ ትከሻዋ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ የወንበሩን ጠርዝ አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቿ ይነጣሉ። እኔ ግን የመንፈስ ቅዝቃዜ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከብዙ ዓመታት በፊት የደረሰባትን ልትነግረኝ ጀመረች። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ «ያለፈ አልፏል፤ ለጌታ ስጪውና እርሺው» ብዬ ጸለይኩላት። አሜን አለች። ከዚያ በኋላ ለወራት አላናገረችኝም። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው።

አላለፈም ነበር። የስሜት ቁስል፣ በተለምዶ ትራውማ የምንለው፣ ክፉው ትካዜው ብቻ አይደለም። ሌላ ትዝታ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ ይሄኛው ግን አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር በጠረን፣ በድምፅ፣ በቅዠት ተመልሶ ይመጣል። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፤ ሰውየው ግን የተቀመጠው ሰላም በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ሰውነቱ አደጋው ማለፉን ገና አልሰማም። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ትኩሳት የያዘውን ሰው ለምን ትሞቃለህ እንደማለት ነው።

ከክፉ ነገር በኋላ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ያለ ነው። ብዙ ሰው በወዳጆቹ መካከል ሆኖ፣ ጊዜ ሲያልፍ እየቀለለው ይሄዳል። ነገር ግን ከወር በላይ ከቆየ፣ ከሥራና ከቤተሰብ ከለየው፣ ያንን ቀን የሚያስታውሰውን ሁሉ መሸሽ ከጀመረ፣ የሠለጠነ ሰው ሊያየው ይገባል።

አሁን ኤልያስን ተመልከቱ (1ኛ ነገሥት 19)። ሊገድሉት የሚፈልጉትን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩም ስብከት አልያዘም፤ የያዘው እንጎቻና ውኃ ነው። ዳሰሰውና ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ጥያቄው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ለቆሰለ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ያለበት ቦታ፣ ምግብና እንቅልፍ ነው። ከሚደበድባት ሰው ጋር ገና አንድ ጣሪያ ሥር ላለች ሴት ስለ ይቅርታ ከማስተማራችን በፊት ከዚያ ቤት የምትወጣበትን መንገድ እንፈልግላት። ይቅርታ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ይቅር ማለትም ወደ በዳዩ እጅ መመለስ አይደለም።

ኤልያስ እንዳደረገው ሞትን የሚመኝ ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት። ራሱን ሊጎዳ ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ያን ቀኑን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ስለ ምክር አገልግሎት ብዙ ፍርሃት ስላለ ባለሙያዎች የሚሠሩትን ልንገራችሁ። በደንብ ከተጠኑት መንገዶች አንዱ ሰውየው የደረሰበትን በአማካሪው ፊት በዝርዝር፣ ደጋግሞ እንዲናገር ያደርጋል፤ ታሪኩ ተቀድቶ ቤቱም ያዳምጠዋል። መጀመሪያ ከባድ ነው፤ ሲደጋገም ግን ሰውነቱ «ይህ ትዝታ ነው፣ አደጋው አሁን የለም» የሚለውን ቀስ በቀስ ይማራል። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ 12 ያህል ቀጠሮ የሚፈጀው፣ ሰውየው የታሰረበትን ሐሳብ ይመረምራል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ» የሚለውን ወረቀት ላይ አስፍረው እውነት መሆኑን አብረው ይፈትሹታል። ስንቱ ወንድማችን ያላጠፋውን ጥፋት ንስሐ ሲገባ ዓመታት አሳለፈ!

ኢ.ኤም.ዲ.አር የሚባለው ሕክምና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ የተገኘ ነው። ሰውየው ትዝታውን በልቡ ይዞ በዓይኑ የአማካሪውን እጅ ወዲያና ወዲህ ይከተላል። አስማት የመሰላቸው ሰዎች ገጥመውኛል፤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በትራውማ ላይ ካተኮረ የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና ጋር ይህንንም መክሯል። ወደ አማካሪ መሄድ ጌታን መተው ከሆነ አጥንታችን ሲሰበርም ወደ ወጌሻ መሄድ የለብንም።

አማካሪ እስኪገኝ፣ ወይም ጎን ለጎን፣ በራስ የሚደረግ ነገር አለ። ትዝታው ሲያጥለቀልቃችሁ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ፤ በክፍሉ ውስጥ የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ። ትንፋሻችሁን ስታስወጡ አዝግሙ። እኔ ይህን ሳደርግ «እግዚአብሔር ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው» የሚለውን በእያንዳንዱ ትንፋሽ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያሉ ልምምዶችን በሥዕል የሚያስተምር መጽሐፍ አውጥቷል፤ በብዙ ቋንቋዎች በነጻ ይገኛል። ከባድ ነገርን በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት መጻፍም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተጠና ልምድ ነው። መጻፉ ከረበሻችሁ ግን አቁሙ። የምትጽፉት ሲጠፋባችሁ መዝሙር 88ን (በግዕዙ አቆጣጠር 87ን) አንብቡ፤ ያ መዝሙር በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ ሆኖም ጸሎት ነው።

ለአገልጋዮች አንድ ነገር፦ ሰው ምስክርነት እንዲሰጥ አትጎትቱ። ገና ቁስሉ ትኩስ የሆነን ሰው አንድ ጊዜ ሰብስቦ ሁሉን ማናገር እንደማይጠቅም ታይቷል። መቼና ለማን እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ነው። የእኛ ድርሻ መመልከት፣ ማድመጥና ከሚረዳው ጋር ማገናኘት ነው። ምሥጢሩንም በጸሎት ርእስ ስም አናውጣ።

በኮሬብ እግዚአብሔር «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለው። ኤልያስም ሁሉን ነገረው። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ ያው ጥያቄ ተደገመ፤ ኤልያስም ያንኑ ታሪክ በዚያው ቃል ደገመው። እግዚአብሔር «ይህን ነግረኸኛል» አላለውም።

ያቺን እኅት ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ቆይታ ካቆመችበት ጀመረች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ከመጀመሪያው ነገረችኝ። በሦስተኛው አማካሪ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝና ስልክ ስትደውል አብሬያት ተቀመጥኩ።