ባለ አንድ ሉፕ እና ባለ ብዙ ሉፕ ኮንትሮለሮች

ፋብሪካ ውስጥ ሉፕ ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ ነገሩ ከባድ አይደለም፣ ሴንሰሩ ሙቀት ወይ ግፊት ይለካል፣ ኮንትሮለሩ የተለካውን ከተፈለገው ቁጥር ማለትም ከሴት ፖይንቱ ጋር ያስተያያል፣ በልዩነቱ መጠን ቫልቩን ወይ ሂተሩን ያዛል፣ የመጣው ለውጥ ደሞ ተመልሶ ይለካል፣ በቃ እንዲህ ይዞራል። ባለ አንድ ሉፑ ይሄንን ለአንድ ነገር ብቻ የሚሰራ ሳጥን ነው፣ ፓኔል በር ላይ የሚገጠመው፣ ብዙ ጊዜ ፊቱ 48 በ48 ወይ 96 በ96 ሚሊ ሜትር የሆነው። ባለ ብዙ ሉፑ በአንድ ሳጥንና በአንድ ፕሮሰሰር አራትም ስምንትም ይይዛል።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ፋብሪካ የት አለና የሚል አይጠፋም፣ ግን የሆቴል ቦይለር፣ የሆስፒታል አውቶክሌቭ (እቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው)፣ የፒያሳ ዳቦ ቤት ምድጃ ሁሉም ሉፕ አላቸው (ምድጃው ላይ ብዙ ጊዜ ኮንታክተር ማለትም ትልቅ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ከመክፈትና ከመዝጋት አያልፍም፣ ለዳቦ ይበቃል)። ሜክሲኮ አካባቢ ያደገው ጊዮርጊስ ቢራ የተመሰረተው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፣ የሚገርመው በዛው ዓመት ነው ሚኖርስኪ የሚባል ሩሲያ የተወለደ መሃንዲስ መርከብ በራሱ አቅጣጫ እንዲይዝ ሲያጠና ዛሬ ፒ አይ ዲ የምንለውን ሂሳብ ያወጣው። ፒ አሁን ያለውን ልዩነት፣ አይ የተጠራቀመውን፣ ዲ የሚለወጥበትን ፍጥነት ያያል። እ.ኤ.አ. በ1942 ዚግለርና ኒኮልስ የሚባሉ መሃንዲሶች የነዚህን ቁጥሮች አመራረጥ አሳዩ፣ በ1975 ደሞ የሃኒዌል ኩባንያ ቲዲሲ 2000 የሚባል የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሲስተም መጣ፣ አንዱ ኮንትሮለሩ ብቻውን 8 ሉፕ ይይዝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ አይ የምትለዋ ጣጣ አላት። ከተማው ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ክፍት ጋን ላይ ማኑዋሉ ያለውን 95 ዲግሪ ከሞላችሁ መቼም አይደርስም፣ ኮንትሮለሩ ግን አልደረስኩም እያለ ልዩነቱን ያጠራቅማል፣ ከዛ ወደ 80 ብትቀንሱለት እንኳን የከመረውን እስኪያራግፍ ሂተሩን ቶሎ አይለቅም፣ አዳዲሶቹ ይሄን የሚከለክል ነገር አላቸው የድሮዎቹ ላይ ግን ማየት ነው። አውቶክሌቭም እንደዛው፣ የግፊት ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፣ የውጪው አየር ደሞ እዚህ ይቀላል፣ ባህር ዳርቻ ላይ ጌጁ ከ1 ባር ትንሽ ሲያልፍ 121 ዲግሪ ይገኛል፣ እዚህ በዛው ንባብ 117 ገደማ ነው የምታገኙት፣ ሉፑን በሙቀት እንጂ በጌጅ ግፊት መምራት አያዋጣም።

ብዙ ሉፕ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ቢራ እንዳይበላሽ የሚሞቅበት ቶነል ፓስቸራይዘር ጠርሙሱን በተለያየ ሙቀት ዞን እያሳለፈ ወደ 60 ዲግሪ ያደርሰውና መልሶ ያቀዘቅዘዋል፣ ዞኖቹም ይነካካሉ፣ አንድ ሳጥን ሁሉንም ቢያይ ይሻላል። ካስኬድም አለ፣ አንዱ ሉፕ ሌላውን የሚያዝበት ማለት ነው፣ የውጪው ሉፕ የጋኑን ሙቀት አይቶ ለውስጠኛው የእንፋሎት ሉፕ ሴት ፖይንት የሚሰጥበት።

ሻጩ ሉፕ በበዛ ቁጥር ዋጋው ለአንዱ ይረክሳል ይላችኋል፣ እውነቱን ነው፣ ግን እኔ የማየው ሲበላሽ የሚሆነውን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የባለ ብዙ ሉፑ ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለ ስምንቱም አብረው ይቆማሉ፣ አዲስ ቢገኝ እንኳን ላፕቶፕ፣ ሶፍትዌር፣ ኬብል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ የድሮው ፕሮግራም ኮፒ ያስፈልጋል፣ ኮፒውን የያዘው ልጅ ደሞ ስራ ቀይሯል። ባለ አንዱ በካቻቢቴ ወጥቶ ሌላ ብራንድም ቢሆን ይገባል፣ ምክንያቱም ሲግናሉ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሆነ ሁሉ ይግባባል፣ ትንሹ ንባብ እንኳን 4 ስለሆነ ሽቦ ተበጥሶ ወደ 0 ሲወርድ ወዲያው ይታወቃል። ለሆቴልና ለላውንደሪ ባለ አንዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለ ብዙውን የመረጠም ሰው ቢሆን የቦይለሩን የመጨረሻ ሙቀት መቁረጫ እዛው ሳጥን ውስጥ አይከተትም፣ እሱ የራሱ ሴንሰር፣ የራሱ ሪሌይ፣ በእጅ የሚጫኑት ሪሴት ኖሮት ለብቻው ነው የሚገጠመው።