«ሞተሩ ነክሷል» ሲባል፦ ከማውረድ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የናፍጣ ጭነት መኪና አልነሳ ሲል «ነክሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚል አይጠፋም፤ ነክሷል ማለት ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሏል ማለት ነው። ከመውረዱ በፊት ግን ብዙ የሚታይ ነገር አለ።

«ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ነክሷል»
አይደለም። ባትሪው ደክሞ፣ ገመዱ ላልቶ ወይም የሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) ጥርስ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖውን አውጡ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርጉ፣ ከዚያ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ (ቤልት የሚያዞረውን ክብ) ብሎን በረጅም መፍቻ አዙሩ። ከዞረ አልነከሰም።

«በእጅም ካልዞረ አበቃ»
ገና ነው። የነከሰው ዲናሞው ወይም የፍሬን አየር ኮምፕሬሰሩ ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሰሩ በብዙ ትልልቅ መኪኖች በጥርስ ስለሚዞር ቤልት ማውለቅ አይበቃም፤ ራሱ ይፈታ።

ሲሊንደር ውስጥ ውሃ የገባበትም አለ። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ሞተሩ ወደ ኋላ ትንሽ ይሄድና ወደ ፊት ስትመልሱት እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ ካለ ይህን ጠርጥሩ። ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) በሙሉ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ። ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቁ፣ ፊው ብሎ ነው የሚወጣው። ውሃ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለውን ማሸጊያ) እና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን)፣ ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተሩን መርምሩ።

«ጎትተን በማርሽ እናስነሳው»
የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ውሃ ካለበት ቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል፤ ሲብስም ብሎኩን በስቶ ይወጣል። በጓርኒሲዮን ያልቅ የነበረ ሥራ ብሎክ ፍለጋ ይሆናል።

«ዘይት አፍስሰህ አሳድረው፣ ይለቃል»
ለረጅም ጊዜ ቆሞ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ለዛገበት ሞተር ይረዳል። በሥራ ላይ ግሎ ለነከሰ ግን ከንቱ ነው።

«ከለቀቀ ድኗል»
ዘይቱን ሳታዩ አትፍረዱ። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ብሎን ሲላላ ቀድሞ ውሃ ጠብ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውሃ ከዘይት ሥር ይተኛል። ፊልትሮውንም (የዘይት ማጣሪያውን) ቁረጡና ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ካያችሁ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ስስ ሽፋን) ተበልቷል። ማግኔት የማይስበው ነጭ ብናኝ ብዙ ጊዜ ከፒስተን የመጣ ነው።

«ሙሉ ኪት (የፒስተንና የሲሊንደር ስብስብ) ከተገዛ አለቀ»
የዘይት ፓምፑ ካልገፋ ወይም ራዲያተሩ ከደፈነ አዲሱም ይነክሳል። ብሮንዚን የሚገዛውም ኮሎው ተለክቶ፣ 0.25 ይሁን 0.50 ሚሊሜትር እንደሚላጥ ከታወቀ በኋላ ነው።