የዋሻ ሙቀት ምንድን ነው? የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ለምን ይሞቃል?

እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ የለንደን ጥልቅ የባቡር ዋሻዎች ሲቆፈሩ በዙሪያቸው ያለው ሸክላ አፈር 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። እንዲያውም የባቡር ኩባንያዎቹ ቅዝቃዜውን ማስታወቂያ ይሠሩበት ነበር። ዛሬ ያው አፈር ከ19 እስከ 26 ዲግሪ ደርሷል፤ የዋሻው አየርም አንዳንድ ቦታ 30 ይነካል።

ብዙ ሰው በተሳፋሪው ብዛት ያሳብባል። የሰው ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ ዋናው ሙቀት የሚወጣው ከራሱ ከባቡሩ፣ ከሁሉም በላይ ከፍሬኑ ነው። እናስላው፦ 200 ቶን የሚመዝን ባቡር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ ሲቆም 7.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት መሄጃ ይፈልጋል። በሰዓት 30 ባቡር የሚቆምበት አንድ ጣቢያ ላይ ይህ 230 ኪሎዋት ይሆናል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ከመቶ በላይ ደርድሮ ቀኑን ሙሉ እንደመለኮስ ነው። ዋሻው 3.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠባብ ቱቦ ነው፤ የአየር መውጫውም ጥቂት። ስለዚህ አብዛኛውን ሙቀት ግድግዳው ይውጠዋል። ሸክላ ደግሞ የዋጠውን ቶሎ አይለቅም።

«ታዲያ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) አይገጥሙለትም?» ኤሲ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከፉርጎው አውጥቶ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ ዋሻው ውስጥ ይደፋዋል። ከ2010 ጀምሮ ኤሲ ያላቸው ባቡሮች የገቡት ጥልቀት በሌላቸው፣ ሰፋ ባሉና ለአየር ክፍት ቦታ ባላቸው መስመሮች ነው።

ስለዚህ መጀመር ያለበት ከፍሬኑ ነው። ዘመናዊ ባቡር ሲቆም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ መስመሩ ይመልሳል። ችግሩ፣ በዚያች ቅጽበት ኃይሉን የሚወስድ ሌላ ባቡር በአቅራቢያ ከሌለ ቮልቴጁ ከፍ ይልና ትርፉ በሬዚስተር (ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት በሚቀይር ዕቃ) ወይም በፍሬን ሸራ ተቃጥሎ ያው ሙቀት ይሆናል። የሴንትራል መስመር መሐንዲሶች ይህን ቀድመው በመሬቱ ቅርፅ ፈትተውታል፦ ጣቢያዎቹን ጉብታ ላይ አደረጓቸው። ባቡሩ ሲገባ ዳገቱ ያቆመዋል፣ ሲወጣ ቁልቁለቱ ይገፋዋል። ያለ አንድ ተንቀሳቃሽ ዕቃ!

የተጠራቀመውን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። በ2006 በቪክቶሪያ ጣቢያ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ አዙረው፣ በቬንትሌተር አየር እየነፉበት ሞክረውታል። በለንደኑ የኢዝሊንግተን ክፍለ ከተማ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በተዘጋው የሲቲ ሮድ ጣቢያ ጉድጓድ የሚወጣው ሞቃት አየር በሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወስዶ ወደ ሌላ በሚያሻግር መሣሪያ) አማካኝነት ውሃን ወደ 80 ዲግሪ ያሞቃል፤ የሞቀውም ውሃ ለመኖሪያ ቤቶች ይላካል፤ በሙቀት ወራት ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ዞሮ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዋሻው መንፋት ይችላል።