አምስተኛ ወር እርግዝና ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

እህቶቼ፣ 20ኛ ሳምንት አካባቢ ስትደርሱ ለብዙዎቻችሁ ማቅለሽለሹ ቀለል ይላል፣ ሆድ ገፋ ማለት ይጀምራል፣ እና ሆዱ ከታየ በቃ ጎረቤቱም ዘመዱም ምክር ይዞ ከች ነው። አብዛኛው ከፍቅር የሚመጣ ምክር ነው፣ ግን አንዳንዱ እናትንም ልጅንም ይጎዳል።

"ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብድሻል"

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ፈርታ ከገበታ እየተነሳች የምትራብ እናት አለች። እውነታው ምንድነው፣ ምግብ ስትቀንሺ መጀመሪያ የምትጎጂው አንቺ ነሽ፣ ደምሽ ያንሳል፣ ትደክሚያለሽ፣ ስትወልጂ ደም ቢፈስሽ እንኳን የምትቋቋሚበት አቅም አይኖርሽም፣ ልጁም ኪሎው ሳይሞላ ሊወለድ ይችላል። ምጥ የሚከብደው ደግሞ በብዙ ምክንያት ነው፣ የልጁ አመጣጥ አለ፣ የዳሌ ጥበት አለ፣ ምጡ ራሱ ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ደግሞ አሁን ልጁ ከራሱ እስከ ተረከዙ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከ300 ግራም ብዙም አይርቅም፣ ገና ብዙ ማደግ አለበት እኮ! በሌላ በኩል "ለሁለት ሰው ብዪ" የሚሉሽንም አትስሚ፣ ከወትሮው ምግብሽ ላይ በቀን አንዴ ቀለል ያለ ነገር ብትጨምሪ ይበቃል፣ እንቁላል በዳቦ ወይ ቂንጬ በወተት በይው። ፆም የምትፆሚ ከሆነ ሐኪምሽንም የነፍስ አባትሽንም አማክሪ።

"ወተትና ተልባ ልጁ ላይ ይለጠፋል"

ሲወለድ ገላው ላይ ያለውን ነጭ ቅባት አይተው ነው እንዲህ የሚሉት። ያ ቅባት የልጁ ቆዳ ራሱ የሚሰራው ነው፣ መሰራት የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቆዳው እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። የበላሽው ምግብ ጨጓራና አንጀትሽ ውስጥ ተፈጭቶ ንጥረ ነገሩ በደምሽ፣ ከዛ በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ነው የሚደርሰው፣ የሚለጠፍበት መንገድ የለም።

"የደም ኪኒን ልጁን ያገዝፋል"

አያገዝፍም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ አይረንና ፎሊክ አሲድ የደም ማነስን ለመከላከል ነው። ሰገራሽ ጥቁር ቢሆን አትደንግጪ፣ ከአይረኑ ነው። ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው፣ ግን በቡና ወይም በሻይ ሰዓት በፍፁም እንዳትውጪው፣ አይረኑ ወደ ሰውነትሽ እንዳይገባ ያግዱታል፣ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ከብርቱካን ጋር ግን ጥሩ ነው።

"እስካሁን ካልተንቀሳቀሰ ችግር አለ"

የመጀመሪያ እርግዝና ከሆነ ብዙ ሴት የምትሰማው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ትንሽ የሚዘገይባትም አለች፣ የወለደች ግን ስለምታውቀው ቀድማ ትለየዋለች። መጀመሪያ ላይ ርግጫ አይደለም፣ ሆድሽ ውስጥ አረፋ ፍንድት ፍንድት እንደሚል ነው፣ ጋዝ መስሎሽ ልታልፊው ትችያለሽ። እንግዴ ልጁ ከፊት በኩል ከተቀመጠም ይዘገያል። 24 ሳምንት ደርሶ ምንም ካልተሰማሽ ግን ሂጂና ታዪ።

"አልትራሳውንድ ጨረሩ ይጎዳል"

ጨረር የለውም፣ የሚሰራው በድምፅ ሞገድ ነው። ከ18 እስከ 22 ሳምንት የሚታየው አልትራሳውንድ ደግሞ ፆታ ለማወቅ ብቻ አይደለም፣ ልቡ፣ አከርካሪው፣ ኩላሊቱ፣ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ሁሉ ይታያል። "እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል" ቢሉሽም አይዞሽ፣ ማህፀን ሲያድግ አብዛኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ ብቻ በድጋሚ የምትታዪበትን ቀጠሮ አትርሺ።

"ሆዷ ሾጠጥ ካለ ወንድ ነው"

የሆድ ቅርፅ የሚወሰነው በጡንቻሽ፣ በቁመትሽና በልጁ አቀማመጥ ነው። ከፆታ ጋር አይገናኝም።

"ነፍሰ ጡር ማበጧ ያለ ነው"

እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ። ውለሽ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ቢያብጥ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አርፈሽ ቢቀንስ፣ አዎ ያለ ነው። ግን ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ይሄ ከ20 ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ "ነገ ያልፍልኛል" አይባልም። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይ ትኩሳት ከያዘሽም እንደዛው፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺና ቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂጂ።